የሚረሳ ስሌት፦ ከጉንዳን፣ ከንብና ከማረሻ

ይህ ጽሑፍ ደብረ ማርቆስ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና «ደግሞ ምን ሊሉ ነው?» ብለው ለመጡ የከተማው ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። የተንተባተብሁበትን አቃንቻለሁ፤ ቀልዶቹን ግን፣ ማንም ያልሳቀላቸውንም ጭምር፣ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ።

በሩ ላይ የተለጠፈውን ርዕስ አንብባችሁ የገባችሁ ሰዎች ምን እንደጠበቃችሁ እገምታለሁ። ጉንዳን ታታሪ ናት፣ ንብ መተባበር ታውቃለች፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ይህን ዛሬ አልደግመውም፤ ተማሪ ቤት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሁላችንም ጠግበነዋል። ደግሞስ ኮምፒውተር ታታሪነት ጎድሎት ያውቃል? ሌሊቱን ሙሉ ሳያዛጋ ሲደምር ያድራል። የጎደለው ሌላ ነው። የያዘውን መልቀቅ አያውቅም። አንዴ ጥሩ የመሰለ ነገር ካገኘ እሱኑ ሙጥኝ ይላል። ከጉንዳንም፣ ከንብም፣ ከብረት ቀጥቃጭ ምድጃም የተወሰደለት ትልቁ ነገር፣ እንደኔ፣ መርሳት ነው። ዛሬ የምላችሁ ይኸው ነው።

ከመኪና ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዊ በኩል አንድ የማር አምራቾች ማኅበር አንድ አሮጌ አይሱዙ ነበረው። መኪናው ከመጋዘኑ ይነሳና 20 የማር መሰብሰቢያ ቦታዎችን በሁለት ቀን አዳርሶ ይመለሳል። «ነዳጅ ፈጀን» አሉ። ጥያቄያቸው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ በየትኛው ቅደም ተከተል ቢሄድ መንገዱ ያጥራል?

ከመጋዘን ስትነሱ የመጀመሪያውን ቦታ ከ20 ትመርጣላችሁ፤ ሁለተኛውን ከቀሩት 19፣ ሦስተኛውን ከ18፣ እያለ ይወርዳል። ሁሉም ይባዛል። ውጤቱ 2,432,902,008,176,640,000 ነው። አንዳንድ መጽሐፍ «መሄዱና መመለሱ አንድ ስለሆነ ለሁለት ይከፈል» ይላል። ያ ሜዳ አገር ነው። እኛ ዘንድ ማር ጭኖ ዳገት መውጣትና ባዶ ቆርቆሮ ይዞ መውጣት አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ምንም አልተከፈለም።

በሰከንድ አንድ ሚሊዮን መንገድ የሚለካ ኮምፒውተር አለን እንበል። ቦታዎቹ 12 ቢሆኑ የመንገዱ ብዛት 479,001,600 ነው፤ በ8 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ እናንተ ቡና ሳታፈሉ። 12 የነበረው 20 ሲሆን ግን ያው ኮምፒውተር ከ77,000 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ስምንት ቦታ ብቻ ነው የጨመርነው! ፈጣን ኮምፒውተር ግዙ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት። መቶ እጥፍ የሚፈጥን ብትገዙ 770 ዓመት ትጠብቃላችሁ፤ ማሩ ይደርቃል።

እንግዲህ ሁሉንም መሞከር አይቻልም። ሹፌሩ የሚያደርገውን ማድረግስ? ሹፌሩ ሁልጊዜ ከቆመበት ቅርብ ወደሆነው ይሄዳል። መጥፎ አይደለም፤ ቀኑ ሲገባደድ ግን «ሩቅ ነው» እየተባለ የተዘለለው ቦታ ብቻውን ተራራ ጀርባ ይቀራል፤ ለእሱ ሲባል ግማሽ መንገድ ይደገማል።

እዚህ ላይ ጉንዳን ትግባ።

እረኛ የነበራችሁ ታውቋታላችሁ፤ ክረምት ላይ ሰልፍ ሠርታ መጥታ ሱሪ የምታስወልቀዋን ማለቴ ነው። የዚያች ጉንዳን ሠራተኞች ዓይን የላቸውም። ሰልፉን የሚመራ አለቃም የለም። የሚመራቸው መሬት ላይ የቀረ ጠረን ነው። ያለፈችው ጥላ ትሄዳለች፣ ተከታይዋ ታሸትታለች፣ የራሷንም ትጨምርበታለች። ፈረንሳዊው ፒየር ፖል ግራሴ እ.ኤ.አ. በ1959 ምስጦች ኩይሳ እንዴት እንደሚሠሩ ሲያጠና፣ አንዱ ምስጥ ለሌላው ምንም «እንደማይናገር»፣ የተሠራው ሥራ ራሱ ቀጣዩን ሠሪ እንደሚጠራ አይቶ ለነገሩ ስም አወጣለት፤ ስቲግመርጂ። ቃሉን አትያዙት። ነገሩን ግን ያዙ፤ ወሬው ያለው በሠራተኛው ጭንቅላት ሳይሆን በመሬቱ ላይ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ብራስልስ ላይ ዣን ሉዊ ዴነቡርና ጓደኞቹ የአርጀንቲና ጉንዳን የሚባሉትን ወስደው ጎጆአቸውንና ምግባቸውን በሁለት ድልድይ አገናኙ። አንዱ ድልድይ የሌላውን ሁለት እጥፍ ይረዝማል። ጉንዳኖቹ መጀመሪያ በሁለቱም ተበተኑ፤ ጥቂት ቆይቶ ብዙዎቹ በአጭሩ ሆኑ። ለምን? አንዷም ብትሆን ድልድይ አልለካችም። ነገሩ የምልልስ ነው። ሁለት ጉንዳኖች እኩል ተነስተው አንዷ በአጭሩ፣ አንዷ በረጅሙ ሄዱ እንበል። በረጅሙ የሄደችው ገና ምግቡ ጋ ስትደርስ የአጭሩ ተመልሳ ጎጆ ገብታለች። አጭሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠረን አርፏል፣ ረጅሙ ላይ አንዴ። ያን ሰዓት ከጎጆ የምትወጣው ሦስተኛዋ የትኛውን ትከተል? በይበልጥ የሸተታትን። እሷም ስትጨምርበት ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ማንኛውም የሳይንስ መጽሔት ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የሙከራው ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እኔን ደግሞ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ረጅሙን ድልድይ ብቻ ሰጧቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጭሩን ጨመሩላቸው። ጉንዳኖቹ ምን አደረጉ? አብዛኛዎቹ በረጅሙ መመላለሳቸውን ቀጠሉ። አጭሩ እዚያው አጠገባቸው ነው! ነገር ግን በረጅሙ ላይ የጠገበው ጠረን ቶሎ አይተንም፤ የአዲሱ መንገድ ሽታ ከእሱ ጋር ሊወዳደር አልቻለም። ብልህ የምትባለው ጉንዳን በልማድ ተያዘች። እኛስ የምናውቀው ዘመድ የለንም? አለን።

ማርኮ ዶሪጎ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1992 በሚላኖ ፖሊቴክኒክ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ይህን ወደ ኮምፒውተር አስገባው። ሲያስገባው ግን አንድ ነገር አረመ። የእሱ ጉንዳኖች ጠረን ቶሎ ይተናል። ተፈጥሮን ቀዳን የምንለው ሰዎች እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ የቀዳናት ጉንዳን የራሷን ድክመት ይዛ ብትመጣ ኖሮ ዘዴው ብዙ አይሠራም ነበር።

አሠራሩን በሰንጠረዥ አስቡት። ከእያንዳንዱ ቦታ ወደ እያንዳንዱ ቦታ የሚወስድ መንገድ አንድ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የጠረኑ መጠን ነው። መጀመሪያ ሁሉም እኩል ናቸው። ፕሮግራሙ 50 ጉንዳን ይለቃል። እያንዳንዷ ከመጋዘን ተነስታ 20ውን ቦታ ታዳርሳለች፤ ቀጣዩን ስትመርጥ ዕጣ ትጥላለች፤ ዕጣው ግን ብዙ ጠረን ላለበትና ቅርብ ለሆነው ያደላል። ሁሉም ሲመለሱ ድካማቸው ይለካል። ያሳጠረችው በሄደችበት ላይ ብዙ ጠረን ትጨምራለች፣ ያስረዘመችው ጥቂት። ከዚያ ወሳኟ መስመር ትመጣለች፤ በሰንጠረዡ ያለ ቁጥር ሁሉ በ0.9 ይባዛል። ከመቶ አሥሩ ተነነ ማለት ነው። እንደገና 50 ጉንዳን ይለቀቃል። አንድ ሺህ ጊዜ ይደገማል። የእኔ ላፕቶፕ ይህን ሲጨርስ ሰው ከወንበሩ አይነሳም። የመጨረሻው መንገድ ከሁሉ ያጠረው ነው ብሎ የሚምል የለም፤ በጣም ጥሩ እንደሆነ ግን ነዳጁ ይናገራል።

አሁን ወደ አይሱዙው እንመለስና ያዋረደኝን ልንገራችሁ። ሥራውን ታኅሣሥ ላይ ጀመርነው። በየሳምንቱ ስሌቱን ከባዶ ከመጀመር ብዬ ያለፈውን ሳምንት የጠረን ሰንጠረዥ አስቀምጬ ከእሱ እቀጥል ነበር። «ከዕለት ወደ ዕለት እየበሰለ ይሄዳል» ብዬ ለማኅበሩ ሰዎች ጉራ ነዝቻለሁ። መትነኑን ደግሞ ከመቶ አንድ ብቻ አደረግሁት፤ ያገኘውን ጥሩ መንገድ እንዳያጣ ሳስቼ። እስከ ግንቦት ድረስ እውነትም ደስ የሚል ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ትንሽ ድልድይ ውሃ ወሰደው። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያቺን መንገድ ከግማሽ ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ቀየርኋት፤ ፕሮግራሙን አስነሳሁ፣ መንገዱን በስልክ ላክሁ፣ ተኛሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሹፌሩ ደወለ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ኮምፒውተርህ ዋና ይችላል እንዴ?»

ጭቃ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከፊቱ ወንዙ ሞልቷል። ሰባት ወር የተጠራቀመው ጠረን ያን የ10 ሰዓት ቁጥር ከምንም አልቆጠረውም፤ ጉንዳኖቼ የለመዱትን መንገድ ይዘው ወንዝ ውስጥ ገቡ። ቁጥሩን ራሳችሁ ሥሩት። 100 የነበረ ጠረን በየዙሩ ከመቶ አንድ ቢቀንስ ከ20 ዙር በኋላ 82 ገደማ ይቀራል፤ በየዙሩ ከመቶ አሥር ቢቀንስ 12 ይቀራል። አንዱ ትናንትናን አልረሳም፣ ሌላው ረስቶታል። መትነኑን ከፍ አደረግሁት፣ መንገዱም በዚያው ቀን ሌላ ሆነ። ዋናውን ጥፋት ግን ጉንዳኗ ላይ አላላክክም፤ ድልድይ የፈረሰበትን መንገድ ጨርሶ መዝጋት ሲገባኝ «ሩቅ ነው» ብዬ ብቻ የነገርኋት እኔ ነኝ። ሹፌሩ እስከ ዛሬ ስንገናኝ «ዋናተኛው» ይለኛል።

ይኸው ዘዴ የስልክና የኢንተርኔት መልእክት በየትኛው መስመር ይለፍ ለሚለው ጥያቄም ተሞክሯል። ጃኒ ዲ ካሮና ዶሪጎ እ.ኤ.አ. በ1998 አንትኔት ብለው ያቀረቡት ነው። እዚያ መስመሩ በየሰከንዱ ይጨናነቃል፣ ይለቀቃል፤ የማይረሳ ስሌት እዚያ አንድ ቀንም አይውል።

አሁን ከመሬት ወደ ተራራ እንውጣ። ጮቄ ላይ ናችሁ፤ ጉም ወርዶ ከክንድ አልፎ አይታይም። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን ጫፍ ማግኘት ትፈልጋላችሁ። ያላችሁ ደንብ አንድ ነው፤ ሽቅብ የሆነውን እርምጃ ብቻ ተራመድ። ደንቡን አክብራችሁ አንዲት ጉብታ ላይ ትወጣላችሁ፤ በአራቱም አቅጣጫ ቁልቁል ነው። ጫፉ ይህ ነው ብላችሁ በትር ትተክላላችሁ። ጉሙ ሲገለጥ ዋናው ተራራ ከላያችሁ ቆሞ ይስቃል። ወደዚያ ለመድረስ መጀመሪያ መውረድ ነበረባችሁ። የኮምፒውተር ችግር በሙሉ እዚህች ጉብታ ላይ ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ማን ውረድ ይበለው? ብረት ቀጥቃጭ። ከመኪና ባሌስትራ ማረሻ የሚያወጡ ሰዎች አሠራር አይታችሁ ከሆነ፣ የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ ድንገት ሲነክሩት «ጭሽሽ» ይላል፤ ይጠነክራል፣ ድንጋይ ሲያገኘው ግን የመሰበር ጠባይ አለው። ያንኑ ብረት አግለው አመድ ውስጥ ቀብረው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ቢተዉት ይለሰልሳል፣ ይታዘዛል። በጋለ ብረት ውስጥ ያሉት አተሞች ቦታቸውን ይለዋወጣሉ፤ ቀስ ብሎ ሲበርድ እያንዳንዱ የሚስማማውን ቦታ ለማግኘት ጊዜ አለው። በድንገት ሲበርድ ባለበት ይደርቃል።

ስኮት ኪርክፓትሪክ፣ ዳንኤል ጌላትና ማሪዮ ቬኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ወደ ስሌት አዞሩት። ስሌቱ «ሙቀት» የሚባል ቁጥር ተሰጠው። ሙቀቱ ከፍ ሲል የባሰ እርምጃንም ብዙ ጊዜ ይቀበላል፤ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይንከራተታል። ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ ቁልቁል መውረዱን ይቀንሳል፤ ሲበርድ ሽቅብ ብቻ ይወጣል። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ቺፕ ላይ ያሉ ክፍሎች የት ይቀመጡ፣ ሽቦዎቹስ በየት ይለፉ የሚለው ነበር። ኪሳችሁ ያለው ስልክ የዚህ ዓይነት ስሌት ትውልድ አለበት። በሉ ሙከራ የምትወዱ ተማሪዎች፣ ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው፤ 30 መስመር ኮድ አይሞላም። ሙቀቱን ቶሎ ካበረዳችሁት ግን ያው ጉብታ ላይ በትር ተክሎ ታገኙታላችሁ።

ስለ ዘር ሳልናገር ጎጃም ላይ ቆሜ ንግግር አልጨርስም።

ቁንጮ የሚባለውን ጤፍ ብዙዎቻችሁ ዘርታችሁታል፣ ካልዘራችሁም በልታችሁታል። የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽ ናት፣ ራሷን በራሷ ነው የምታዳቅለው። ለረጅም ጊዜ ጤፍን ከጤፍ በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋ ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት አስተውለው መንገዱን ከፈቱት። ከዚያ ብዙ ቆይቶ ደብረ ዘይት ላይ ሁለት ዝርያ ተዳቀለ። አንደኛው ማኛ፣ ነጭነቱ የሚወደድ፤ ሁለተኛው ዱከም፣ ምርቱ ከፍ ያለ። ከልጆቻቸው መካከል የእናቱን ነጭነትና የአባቱን ምርት የያዘው ትውልድ በትውልድ እየተመረጠ እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ ተብሎ ወጣ። እናትና አባት ያልሁት ለአፍ እንዲመች ነው፤ የግብርና መምህራን አትቆጡኝ።

በዚያው በ2006፣ መጋቢት ወር ላይ፣ ናሳ ስፔስ ቴክኖሎጂ 5 የተባሉ ሦስት ትንንሽ ሳተላይቶች አመጠቀ። የያዙት አንቴና ሲታይ ሕፃን የተጫወተበት ሽቦ ይመስላል፤ እዚህ ታጥፎ እዚያ ተጣምሟል። መሐንዲስ አልነደፈውም። ቁንጮ በተገኘበት መንገድ ነው የተገኘው። ኮምፒውተሩ የሽቦ አጣጣፍን በዘር መልክ ጻፈ፤ እንዲህ ዓይነት ብዙ ሽቦ በዘፈቀደ ፈጠረ፤ የእያንዳንዱን የሬዲዮ ብቃት አሰላ፤ ደህና ደህናዎቹን መርጦ አዳቀለ፤ ልጆቹን እንደገና መዘነ። ይህን መንገድ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 በመጽሐፍ አደላድሎታል፤ በርሊን ላይ ኢንጎ ሬከንበርግና ሃንስ ፖል ሽዌፈል በ1960ዎቹ ሌላ መልክ ያለውን ጀምረው ነበር።

እዚህስ መርሳቱ የት አለ? ሁለት ቦታ። ወላጆች ይሞታሉ፤ ትናንት አንደኛ የነበረ ዛሬ ልጆቹ ይተኩታል። ሁለተኛው ሆን ተብሎ የሚዘራ ስህተት ነው። ልጁ ሲፈጠር ከዘሩ አንዱ ፊደል አልፎ አልፎ በዘፈቀደ ይቀየራል። አብዛኛውን ጊዜ ይጎዳል። ግን ከተዋችሁት ምን ይሆናል መሰላችሁ? ከ30 ትውልድ በኋላ ማሳው በሙሉ የአንድ ወላጅ ግልባጭ ይሆናል፤ ሁሉም እርስ በርሱ ተመሳስሎ ማዳቀሉ ትርጉም ያጣል። አንድ ጊዜ ለፈተና ድልደላ ስሠራ (500 ገደማ ተማሪ፣ 11 ክፍል፣ አንዱ ተማሪ በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና እንዳይገጥመው) ስህተቱን «ማን ይፈልገዋል» ብዬ ዜሮ አደረግሁት። ፕሮግራሙ በሁለት ደቂቃ መልስ አለኝ አለ። መልሱ ስድስት ተማሪዎችን በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል ያስቀምጣል፤ ቢሠራ ቢሠራ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ከመቶ ሁለት ስህተት ስጨምርበት ግጭቱ አንድ በአንድ ጠፋ።

አሁን ንብ። ለዚህ ነው መሰለኝ ከፊት የተቀመጡት አባቶች የመጡት።

ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የንብን ጭፈራ በማንበብ ነው። አበባ ያገኘች ንብ ቀፎ ገብታ ጨለማው ውስጥ በእንጀራው ላይ እስክስታ ትወርዳለች። እስክስታው እንደኛ በትከሻ አይደለም፣ በወገብ ነው። ወደ ላይ ቀጥ ብላ ከወዘወዘች «ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ሂዱ» ማለት ነው፤ ወደ ጎን ካጋደለች ያጋደለችውን ያህል ከፀሐይ ወደ ጎን። ውዝዋዜው በረዘመ ቁጥር ቦታው ይርቃል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የአበባው ጭፈራ አይደለም፤ የቤት ፍለጋው ነው። ንብ ከቀፎ ወጥታ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ስታድር አይታችሁ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ጥቂት መቶ ቃፊሮች ቤት ሊፈልጉ ይበተናሉ። አንዷ የዛፍ ሽንቁር ታገኛለች፣ አንዷ የተሰቀለ ቀፎ፣ አንዷ የድንጋይ ጉድጓድ። ሁሉም ተመልሰው የየራሳቸውን ይጨፍራሉ። አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ ዕድሜውን በዚህ ላይ አሳልፎ ያየው ነገር ይህ ነው፦ ቃፊሯ ጥሩ ቤት ብታገኝም በየተመለሰች ቁጥር ጭፈራዋን እያሳጠረች ትሄዳለች፤ በመጨረሻም ዝም ትላለች። ለዚህ ማንም ሊከራከራት፣ ማንም ሊያሳምናት አያስፈልግም። ጥሩ ቤት ያገኘችው ረጅም ስለምትጀምር ብዙ ተከታይ ታፈራለች፤ ደካማ ቤት ያገኘችው ቶሎ ትዘጋለች። ሽንፈትን መቀበል አያስፈልግም፤ ደጋፊው ራሱ እየረሳ ይሄዳል። ሽምግልና ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ አባቶች፣ ይህ ነገር ስንት ቀን ያተርፍላችሁ ነበር!

ቱርካዊው ደርቪሽ ካራቦአ እ.ኤ.አ. በ2005 ከንብ ባወጣው ስሌት ውስጥ ይህን ጠብቆታል። አንድ መልስ ተሞክሮ ተሞክሮ ካልተሻሻለ ንቧ ትተወዋለች፤ ቃፊር ሆና ሌላ በዘፈቀደ ትፈልጋለች። ስንት ጊዜ ተሞክሮ ይተው የሚለው ቁጥር ከሁሉም በላይ ያስቸግራል፤ ትንሽ ከሆነ ቸኩላ ትታለች፣ ትልቅ ከሆነ ባዶ አበባ ላይ ትከርማለች። ከዚያ በፊት በ2004 ሱኒል ናክራኒና ክሬግ ቶቪ ንቦች ለየአበባው ሠራተኛ የሚደለድሉበትን መንገድ ወስደው፣ የኢንተርኔት ድረ ገጾችን የሚያስተናግዱ ኮምፒውተሮች በየትኛው ገጽ ላይ ይመደቡ ለሚለው ተጠቀሙበት። ዛሬ ጠዋት የተጨናነቀ ገጽ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው፤ ኑግ ሲያብብና ሲረግፍ እንደማለት።

ስለ አንጎል ብዙ አልልም፤ ዛሬ ሌላ ወሬ ስለሌለ። ማካሎክና ፒትስ እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭ ሴልን በሒሳብ ጻፉ፤ በ2024 ጆን ሆፕፊልድና ጄፍሪ ሂንተን በዚህ ዘርፍ የፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ። በመካከሉ ሂንተንና ተማሪዎቹ ካገኟቸው ነገሮች አንዱን ብቻ ልጥቀስ፤ ከእነዚህ የሒሳብ ሴሎች የተሠራው መረብ ሲማር ግማሽ ያህሉን ሴል በዘፈቀደ ዝም ማሰኘት። በየዙሩ ሌላ ግማሽ። እንዲህ የተማረ መረብ ያልታየውን ሥዕል የበለጠ ይለያል፤ ምክንያቱም አንድም ሴል «እኔ ካለሁ ይበቃል» ማለት አይችልም። ቃል በቃል የሚሸመድድ ተማሪ ፈተናው ትንሽ ሲዞርበት ምን እንደሚሆን መምህራኑ ያውቁታል።

ይህን ሁሉ ካሞገስሁ በኋላ አንድ ነገር ማጣጣል አለብኝ። ባለፉት 20 ዓመታት ስሙ በእንስሳ የተጠራ ስሌት እንደ አሸን ፈልቷል። የሌሊት ወፍ፣ ተኩላ፣ ዓሣ ነባሪ፣ የእሳት ዝንብ፣ ጅብም ሳይቀር። ነገ ጭላዳ ቢመጣ አይገርመኝም። ኬኔት ሶረንሰን የሚባል ቤልጂጋዊ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ልማድ ክፉኛ ተችቶታል። ከእነዚህ መካከል የአንዳንዶቹን ቀመር ዶሪጎ ራሱና ባልደረቦቹ ፈትተው ሲያዩት የቆየው ዘዴ በአዲስ ቃል ተጠቅልሎ ነው የተገኘው። «ተኩላ ከበበ» የሚለውን ስታነሱት ስር ያለው ከ1995 ጀምሮ የሚታወቀው የወፍ መንጋ ስሌት ቅርብ ዘመድ ይሆናል። እንስሳ መርጦ ግጥም ማሰር ለቅኔ ቤት ነው፤ ያም ቢሆን ወርቁን የማያወጣ ሰም ዋሸራ ላይ አያሳልፍም።

ሌላም አለ። ወልፐርትና ማክሬዲ እ.ኤ.አ. በ1997 በሒሳብ እንዳረጋገጡት፣ የሚታሰበውን የችግር ዓይነት ሁሉ ብትደምሩ ማንም ዘዴ ከማንም አይበልጥም። ስለዚህ «ከሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። ምን ልትሠሩበት ነው? ችግራችሁ ነገ ይቀየራል ወይስ አይቀየርም? በትክክለኛ ሒሳብ የሚፈታ ከሆነማ ጉንዳንም ንብም አትጥሩ፤ ሒሳቡን ሥሩት። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ በአንድ ቀላል የሒሳብ ቀመር የሚያልቅን ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ጤፍ ሳዳቅልበት ከርሜአለሁ፤ ስሌት ማለቴ ነው።

ንግግሩ እዚህ ላይ አበቃ፤ ጥያቄ ተከፈተ። ተማሪዎቹ ስለ ኮድ ጠየቁ፣ መለስሁ። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጄ፣ እኔ አናቢ ነኝ። ቀፎውን አጥኜ እሰቅለዋለሁ። ቃፊሮቹ ይመጣሉ፤ ገብተው ያያሉ፣ ይወጣሉ፣ ሦስት ቀን ይመላለሳሉ። ሰተት ብለው ይገባሉ ስል በአራተኛው ቀን ድምፃቸው ይጠፋል። ምን አጠፋሁ እያልሁ ስብሰለሰል እከርማለሁ።»

«አባቴ፣ ጥፋት ላይኖርብዎት ይችላል» አልኋቸው። «የእርስዎን ቀፎ ጠልተውት አይደለም። ለእርስዎ ሲጨፍሩ ቆይተው፣ ከዚያ የሚሻል ቤት ያገኙ ሌሎች ቃፊሮች በልጠዋቸው ይሆናል። በአካባቢው ሌላ ቀፎ የሰቀለ አለ?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደኋላ ዞሩና ሁለት ረድፍ ጀርባ የተቀመጠውን ጎረቤታቸውን አዩት።

«እሱ ነዋ! ያኔም የወይራ ጭስ ሸቶኝ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤትየው አልካደም። በወይራው ላይ ሌላ ምን ጨምሮ እንደሚያጥን ሲጠየቅ ግን «መሽቷል እኮ» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ።